ዳገት፣ ደንና ብስክሌት፦ ከአማኑኤል ወደ እንጦጦ

ብስክሌት ለሦስት ዓበይት ተግባራት ይውላል፤ እነዚህም ከቤት ወደ ሥራ መመላለስ፣ ውድድርና ጉብኝት ናቸው። የመጀመሪያው ጊዜን መቆጠብ፣ ሁለተኛው ፍጥነትን ሲሻ፣ ሦስተኛው ግን የሚሻው መንገዱን ራሱን በመሆኑ፣ የብስክሌት ጉብኝት የሚባለው ሰው እንደ እግረኛ እያየ፣ እየሰማና እያሸተተ፣ ሆኖም እግረኛ በግማሽ ቀን ሊሸፍነው የማይችለውን ርቀት አካልሎ የሚመለስበት ጉዞ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ተራራማና ደን የለበሰ አካባቢ የሚመረጠው ለውበቱ ብቻ ሳይሆን ጥላ፣ ንጹሕ አየርና ጸጥታ ስለሚሰጥ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሦስት ጸጋዎች ሁለቱን፣ ማለትም አየሩንና ጸጥታውን፣ አንድ የጭነት መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጠፋቸው ስለሚችል፣ የብስክሌት ጉብኝት ነገር በተነሳ ቁጥር የመኪና አልባ መንገድ ጉዳይ አብሮ ይነሳል።

መኪና አልባ መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመነሻው ለእግረኛና ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ ወይም ቀድሞ ለሌላ አገልግሎት ይውል የነበረና በኋላ ለእነርሱ የተሰጠ ቋሚ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ለተሽከርካሪ የሚዘጋ ተራ ጎዳና ነው። ለቋሚው ዓይነት በዓለም ላይ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ የስፔን ‹‹አረንጓዴ ጎዳናዎች›› ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አገልግሎት ያቋረጡ የባቡር መስመሮች ሐዲዳቸው እየተነሳ ለብስክሌትና ለእግረኛ ሲሰጡ ቆይተው ርዝመታቸው በድምሩ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። የባቡር መስመር ለዚህ የተመረጠው ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል ነው፤ መሐንዲሶቹ ተራራውን በዋሻ እየበሱና በድልድይ እየተሻገሩ፣ ሽቅብታው በአብዛኛው ከመቶ 2 ወይም 3 እንዳይበልጥ አድርገው ስለሠሩት፣ ለባቡሩ የተደከመው ድካም ከዓመታት በኋላ ለብስክሌተኛው ጉልበት ዕረፍት ሆነ።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በተራራ እግር ሥር በመሆኑ ደኑ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ደኑ የሚያደርስ የለዘበ የባቡር መስመር ግን የለም። ስለዚህ ከመርካቶ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከአማኑኤል፣ ተነስቶ እንጦጦ ለመውጣት የሚፈልግ ብስክሌተኛ ሦስት ነገሮችን በአንድነት መጋፈጥ ይኖርበታል፤ እነርሱም ዳገቱ፣ ከፍታ ያሳሳው አየርና በመንገዱ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ናቸው። ይህ ምዕራፍ ሦስቱን በየተራ እየመረመረ፣ ከሦስቱ መካከል የሰው ልጅ ሊለውጠው የሚችለው የትኛው እንደሆነ ያሳያል።

መነሻው

አማኑኤል በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ ስሙን ከቅዱስ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ያገኘ ሰፈር ነው። ከአውቶቡስ ተራ፣ ከመሳለሚያና ከሰባተኛ ጋር የሚጎራበት ሲሆን፣ የአካባቢው መጨናነቅ ታሪካዊ ምክንያት አለው። የከተማዋ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣልያኖች ኢትዮጵያውያንን ከአውሮፓውያን ለይቶ ለማስፈር ባወጡት ዕቅድ መሠረት ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወሩት። መርካቶ የሚለው ስያሜም ‹‹ገበያ›› የሚል ትርጉም ካለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ዕቃና መንገደኛ ወደዚህ ስለሚጎርፍ፣ በአማኑኤል ዙሪያ ባሉት መንገዶች ላይ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ የእጅ ጋሪውና በጀርባው ጭነት ያዘለው ተሸካሚ አንዱን አስፋልት ይሻሙበታል።

ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ የእንጦጦ ማርያም አካባቢ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ፣ የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ከአማኑኤል ወደ ተራራው የሚያወጡ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከአውቶቡስ ተራ አካባቢ ወደ ሰሜን በአዲሱ ገበያ በኩል አድርጎ ወደ ሱሉልታና ጎጃም የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው፤ አቅጣጫው ቀጥተኛ ቢሆንም የሰሜን ምዕራቡ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ሁሉ የሚወጣበትና የሚገባበት በመሆኑ ለብስክሌት ጉብኝት አይመችም። ሁለተኛው በስተምሥራቅ ዞሮ በስድስት ኪሎና በሸማኔዎች ሰፈር በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና ማርያም የሚወጣው ነው። ይህኛው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አገር አቋራጭ ጭነት ስለማይበዛበት በአንጻሩ የተሻለ ነው።

ዳገቱ በቁጥር

የአንድ መንገድ ሽቅብታ በመቶኛ የሚገለጽ ሲሆን፣ በመቶ ሜትር አግድም ርቀት ላይ ስንት ሜትር ከፍ እንደተባለ ያመለክታል። ከአማኑኤል እስከ እንጦጦ ማርያም 600 ሜትር ያህል ከፍታ በ12 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስለሚወጣ አማካዩ ሽቅብታ ከመቶ 5 ነው። አማካይ ግን አታላይ ነው፤ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ከፍ ዝቅ እያለ በጥቅሉ አንድ መቶ ሜትር ያህል ብቻ ሲያወጣ፣ ቀሪው አምስት መቶ ሜትር ግን በሰባት ኪሎ ሜትር ውስጥ ተጨምቆ የሚገኝ በመሆኑ፣ የእውነተኛው ዳገት አማካይ ከመቶ 7 ይሆናል፤ በየመጠምዘዣው ደግሞ ከዚያ የከረረ አለ።

ይህን ዳገት በብስክሌት ለመውጣት የሚቻልበትን ሁኔታ የሚወስነው ከጉልበት ይልቅ ማርሽ ነው። የብስክሌት ማርሽ በፔዳሉ በኩል ያለው ጥርስና በኋላው ጎማ በኩል ያለው ጥርስ ያላቸው ንጽጽር ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ካቴና፣ ማለትም ሰንሰለት፣ ነው። በየሰፈሩ ለልጆች በደቂቃ የሚከራየው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ቢኖረው፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ይሽከረከራልና፣ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ከሆነ ብስክሌቱ በአንድ ምት 5.1 ሜትር ይሄዳል። በአንጻሩ ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለው የተራራ ብስክሌት በአንድ ምት የሚጓዘው 1.36 ሜትር ብቻ ነው። ከመቶ 8 በሆነ ዳገት ላይ ይህ ልዩነት ሲተረጎም፣ ብስክሌተኛውና ብስክሌቱ ተደምረው 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በመጀመሪያው ብስክሌት እያንዳንዱ የፔዳል ዙር ይህን ክብደት 41 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ሲኖርበት፣ በሁለተኛው የሚያነሳው 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጠቅላላው ሥራ በሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማዳበሪያን በጆንያ ከመሸከምና በኪሎ እየከፋፈሉ ከማመላለስ ልዩነት ጋር ይመሳሰላል።

ጠቅላላው ሥራም ሊሰላ ይችላል። 80 ኪሎን 600 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት 470 ኪሎ ጁል ያህል ይጠይቃል፤ የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ በላብ የሚወጣ በመሆኑ፣ ብስክሌተኛው ለሽቅብታው ብቻ 450 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። መንገዱ ከአስፋልት ወደ ለስላሳ አፈር በተለወጠ ጊዜ ደግሞ ጎማው መሬቱን እየተጫነ ስለሚሰምጥ፣ ሽቅብታው ላይ ከመቶ 1 እስከ 2 የተጨመረ ያህል ይከብዳል።

በዚህ ላይ የአየሩ መሳሳት አለ። የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአማኑኤል ወደ ሦስት አራተኛ፣ በእንጦጦ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ስለሚል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በከፍታ የኖረ ሰው ሰውነት ለዚህ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገቱን በለመደው ፍጥነት ልውጣ ቢል ትንፋሹ ያጥረዋል። የሙቀት መጠኑም በ600 ሜትር ልዩነት በአማካይ 4 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ላብ ያጠመቀው ብስክሌተኛ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነፋስ የሚከላከል ልብስ ያስፈልገዋል።

መኪና በዳገት ላይ

ዳገትና ቀጭን አየር ብስክሌተኛን ቢያደክሙም አይጎዱትም፤ ተሽከርካሪ ግን ይጎዳዋል፤ ጉዳቱም ከሜዳ ይልቅ በዳገት ላይ የሚብሰው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የፍጥነት ልዩነት ነው፤ በሰዓት 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር የሚወጣን ብስክሌተኛ በሰዓት 40 የሚጓዝ መኪና ከኋላው በፍጥነት ስለሚደርስበት፣ ለማለፍ የሚያስፈልገው ውሳኔ በመጠምዘዣ ላይ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወሰናል። ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ ብስክሌት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጎማዎቹ ወደፊት ሲንከባለሉና መሪው በጥቃቅኑ ሲታረም በመሆኑ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ መሪው ወዲያና ወዲህ ይበልጥ ስለሚዛባ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ብስክሌተኛ ፈጥኖ ከሚወርደው ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ሦስተኛው ትንፋሽ ነው፤ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ሲስብ፣ ዳገት የሚወጣ ሰው ከ50 ሊትር በላይ ስለሚስብ፣ በከባድ ማርሽ እየጨሰ በአጠገቡ የሚያልፈውን መኪና ጭስ በሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጠው መንገደኛ ብዙ እጥፍ ይተነፍሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመንገድ ዕቅድ ጠቃሚ ነው። በተራራ መንገድ ላይ ቦታ ጠቦ ለሁለቱም አቅጣጫ የተለየ የብስክሌት መስመር መስጠት ባይቻል፣ መስመሩ መሰጠት ያለበት ለወጪው ነው፤ ወራጁ ፍጥነቱ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ስለሚቀራረብ በአስፋልቱ ላይ አብሮ መሄድ ይቻለዋል። ይህ ግን ሜዳን ብቻ የሚያስብ ዕቅድ በቀላሉ የሚስተው ነገር ነው።

በአዲስ አበባ ለጊዜው የሚዘጋው ዓይነት መኪና አልባ መንገድ በሰፊው የታወቀው ‹‹መንገድ ለሰው›› በሚል ስም በ2011 ዓ.ም. በተጀመረውና በየወሩ የመጨረሻ እሑድ በሚካሄደው መርሐ ግብር ነው። በዚያ ዕለት በተመረጡ ጎዳናዎች ላይ ልጆች ብስክሌት ይለማመዳሉ፣ ጎልማሶችም በጋራ ስፖርት ይሠራሉ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በታደሱት ጎዳናዎች ዳር ቋሚ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። የመጀመሪያው ሰዎችን ከብስክሌት ጋር ሲያስተዋውቅ፣ ሁለተኛው ያወቁትን እንዲጠቀሙበት ያደርጋል።

ብስክሌት በኢትዮጵያ

ስለ ብስክሌት የሚነገርበት አማርኛ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ እንዲሁም ጎማ የሚያስተካክለው ሰው መጠሪያ የሆነው ጎሚስታ ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት ሲሆኑ፣ ሙያው በየትኛው በር እንደገባ ይመሰክራሉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችንም ያሰለፈች ሲሆን፣ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ከስድስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይሁን እንጂ ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆኖ የታየው እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ‹‹ዳገቱ አያስኬድም›› የሚለው አስተያየት ለረጅም ጊዜ እንደ ማብቂያ ቃል ተወስዶ ቆይቷል። ከላይ የተመለከተው የማርሽ ስሌት እንደሚያሳየው ይህ አስተያየት ለባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት እውነት ቢሆንም፣ ለባለ ብዙ ማርሹ ግን አይሠራም።

ደኑ

ከዳገቱ በኋላ የሚገኘው ደን በአብዛኛው የባሕር ዛፍ ደን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ አድርገው ንግሣቸውም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የተፈጸመ ሲሆን፣ ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚፈልገው እንጨት ነባሩን ጽድና ወይራ አመናመነው፤ ከተማዋ ወደ ፍልውሃ አካባቢ ከወረደች በኋላም ችግሩ ተከተላት። መፍትሔ የሆነው በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥና ፈጥኖ ስለሚያድግ ተራራውን ሁሉ ለበሰው።

ለብስክሌተኛው የዛፉ ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በረጅሙ እየላጠ ስለሚጥል፣ ቅጠሉ ዘይታማ ሆኖ ቶሎ ስለማይበሰብስ፣ ጠንካራው ፍሬው ደግሞ ከጎማ ሥር እንደ ብይ ስለሚሽከረከር፣ በበጋ ደረቁ የደን መንገድ ላይ ድንገት ፍሬን መያዝ መንሸራተትን ያስከትላል። ከዛፉ ሥር ሣር እምብዛም ስለማይበቅል፣ በክረምት የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን እየቦረቦረ በመንገዱ መካከል የጎማ ወጥመድ የሚሆን ቦይ ይተዋል። በዚህ ምክንያት ለደን መንገድ ወፍራም ጎማ ተመርጦ ነፋሱ ከአስፋልቱ ዝቅ ተደርጎ ይሞላል፤ ጎማው ጠጠሩን እየዋጠ መሬት እንዲይዝ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ በዚህ ደን ውስጥ ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለብስክሌት የሚሆኑ መንገዶችን አዘጋጅቷል። በተራራው ምዕራባዊ ጎን ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማዋ አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ ባሕር ዛፉን በነባር ዝርያዎች እየተካ ይገኛል። ነባሩ ደን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ግን ከከተማዋ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን መሄድ ይኖርበታል፤ በዚያ ጽዱ፣ ከፍ ሲልም ኮሶውና አስታው፣ ጉሬዛና ድኩላም አሉ። ደኑን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ወደ ሱባ የሚያደርሰው የሰበታ መንገድ በተሽከርካሪ የተጨናነቀ ስለሆነ ብስክሌቱን ጭኖ ደኑ በር ድረስ ማድረስ ይመረጣል።

የደን መንገድ መኪና ባይኖርበትም ባለቤት አልባ አይደለም። በእንጦጦ ጎዳናዎች ላይ ወደ ጠበል የሚወጣው ምእመን፣ ልምምድ ላይ ያለው ሯጭ፣ አህያ የሚነዳው ገበሬና በጀርባቸው ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ከብስክሌቱ በፊት የነበሩ ናቸው። የአንዲት እንጨት ተሸካሚ ሸክም ከትከሻዋ ግራና ቀኝ ወጥቶ ጠባቡን መንገድ ሙሉ በሙሉ ሊይዘው ይችላል፤ ጎንበስ ብላ ስለምትሄድም ከፊቷ የሚመጣውን ዘግይታ ታያለች፣ ከኋላዋ ሲመጣ ደግሞ ዞር ማለት ይቸግራታል። መውረድና ብስክሌቱን ይዞ ዳር መቆም ያለበት ባለ ብስክሌቱ ነው። ከመምሸቱ በፊት መውረድም ሌላው ደንብ ነው፤ እንጦጦ የጅብ መኖሪያም ነውና።

ቁልቁለቱ

ወደ ላይ ሲወጣ የተከማቸው 470 ኪሎ ጁል ሲወረድ የሚጠፋ አይደለም፤ ወይ በነፋስ ግጭት ይባክናል፣ ወይ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ብስክሌተኛው ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ ይግታ ቢባል፣ ይህ ሙቀት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተራራ ብስክሌት በተፈለሰፈበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ውድድር ይካሄድበት የነበረ አንድ ቁልቁለት ‹‹ሪፓክ›› የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ያለው ፍሬን ስለሚግል ግራሱ ጨሶ ያልቅና ከእያንዳንዱ የቁልቁለት ጉዞ በኋላ እንደገና መሞላት ነበረበት፣ ቃሉም ዳግመኛ መሙላት ማለት ነው። የጎማው ቸርኬ ላይ የሚነክሰው ፍሬን ያለው ብስክሌትም ቢሆን ያለማቋረጥ ከተያዘ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ስለሚችል፣ የሚመከረው ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ መልቀቅን በማፈራረቅ በመሐል እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ነው። ከመውጣት በፊት የፍሬን ጎማዎቹን መመልከት፣ ካቴናውን ዘይት መቀባት፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያና መንፊያ መያዝ የግድ ነው፤ ጎሚስታ በሽሮ ሜዳ ቢገኝም በጫካው ውስጥ የለም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘሩት እንቅፋቶች መካከል የተራራው ከፍታ አይለወጥም፣ አየሩም አይወፍርም፤ ለዳገቱ ማርሽ፣ ለአየሩ ልምምድ፣ ለቁልቁለቱ ጥሩ ፍሬን መድኃኒት ነው። ብስክሌተኛው በገዛ ጉልበቱም ሆነ በመሣሪያው ሊያሸንፈው የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ከአማኑኤል በር እስከ ደኑ በር ያለው ተሽከርካሪ የሞላበት መንገድ ነው። የደኑ ውስጥ መንገድ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መድረስ የሚችለው ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ የሚሄድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ መኪና አልባ የተባለው ጉብኝት የሚጀምረው በመኪና ነው ማለት ነው። ስለዚህ የእንጦጦ ብስክሌት መንገድ ተጠናቀቀ የሚባለው በፓርኩ አጥር ውስጥ ባለው ርዝመት ተለክቶ ሳይሆን፣ አንድ የአማኑኤል ወጣት በእሑድ ንጋት 12 ሰዓት ብስክሌቱን ከግቢው አውጥቶ፣ በወጪው በኩል በተከለለ መስመር ዳገቱን ወጥቶ፣ ረፋዱ ላይ በሰላም ቤቱ መመለስ ሲችል ነው።